ብረት ሲማሰል

ለተከበረው የወረታ ሕዝብ በሙሉ፦ የሐጂ መሐመድዘይን የሩዝ መቀቀያ ቦይለር ባለፈው ሐሙስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ጠብታ ውኃ ማንጠባጠቡን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ጠብታዋ የምስር ፍሬ አታህልም።

እኔ ሩዜን ላስፈትግ ሄጄ ነው የደረስኩባት። በያጁ ጋሽ ባየህ ከቦይለሩ ሥር ተንበርክከዋል። አጠገባቸው የሐጂ ልጅ ሂክማ ቆማለች፤ ባሕር ዳር ምህንድስና ተምራ ዘንድሮ የተመለሰችው።

"ጋሽ ባየህ፣ ይህን ስንት ጊዜ በየዱት?"

"ሦስት። ግን ብየዳዬ እንዳለ ነው፤ ስንጥቁ የሄደው ከጎኑ ነው። ባለጌው ብረቱ ነው።"

"ምን አድርገውት ነው?"

"አቅልጬ አጣበቅሁት፣ እንዲበርድ ውኃ ደፋሁበት። አባትሽ ይቸኩላሉ፤ ሩዙ ተዘፍዝፎ ይጠብቃል።"

ሂክማ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ፣ "ሳይቀልጥ የሚበየድበት መንገድ አለኮ" አለች። "ከብረቱ የጠነከረ ዘንግ እየተሽከረከረ መጋጠሚያው ውስጥ ይገባል። በሰበቃው ሙቀት ብረቱ ይለሰልሳል እንጂ አይፈስም፤ ዘንጉ ሁለቱን ወገን ያማስላቸዋል።"

"ገንፎ ነው እንዴ? ሠላሳ ዓመት በኤሌክትሮድ ስቃጠል ለካ የጠፋኝ ማማሰያ ነው።"

"ይሄ ሙቀት እንዲችል ክሮም የተቀላቀለበት ብረት ነው። ሲቀልጥ ብረቱ የተሠራበት ጥቃቅን ፍሬ ያድጋል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ደርቆ ተሰባሪ ይሆናል። ሲማሰል ግን ፍሬው ይደቃል፤ እንዲያ ያለ ብረት በቀላሉ አይሰነጠቅም።"

"እንግዲያ ጣጣ የለውም በይኛ።"

"አለው እንጂ። ብረቱ ዘንጉን ቶሎ ይበላዋል፣ ዘንጉም ውድ ነው። የተማሰለው መሃል ይጠነክራል፤ ዳር ዳሩ ግን ይላላል፤ እንፋሎት ለዓመታት ሲያገኘው መጀመሪያ የሚሸነፈው ዳሩ ነው። ስለዚህ ከብየዳው በኋላ እንደገና ሞቆ ቀስ ብሎ መብረድ አለበት። ማሽኑም ወረታ የለም።"

ጋሽ ባየህ ጉልበታቸውን አራግፈው እንደ አሸናፊ ተነሡ። በእኛ አገር የራሱን ነገር ጉድለት የተናገረ ተሸነፈ ይባላል።

"ከሌለ ለምን ታደክሚኛለሽ?"

በዚህ መሃል የጋሽ ባየህ እህት ይርገዱ የሩዝ ገለፈት ጆንያ ተሸክማ ገባች። እሳቱን የምትቀልበው እሷ ናት፤ መቆሚያዋም ከጠብታዋ አንድ ክንድ አይርቅም። "ሐጂ ከዙህር ሶላት በኋላ ለኩሺ ብለውኛል" ብላ ጆንያውን ጣለች። እኔ ሳላስበው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብያለሁ። የእሷ እንጀራ ግን እዚያው ነው።

ሂክማ ወደ ጋሽ ባየህ ዞረች። "ጋሽ ባየህ፣ የተቀቀለ ሩዝ በጠራራ ፀሐይ ቶሎ ቢደርቅ፣ ወፍጮ ሲገባ ምን ይሆናል?"

"ይሰባበራላ። ይህንማ የፎገራ ሕፃንም ያውቃል። ጥላ ሥር ነው፣ ቀስ ተብሎ..."

አቆሙ። ስንጥቁን አዩ፤ እህታቸውን አዩ።

"ቢፈነዳ በየት በኩል ነው?" አሉ ዝቅ ብለው።

"በስንጥቁ በኩል።"

አንባቢ ሆይ፣ ማሽኑ እስኪመጣ ትምህርቱን መውሰድ ይቻላል። ብረቱን ከመበየድ በፊት ማሞቅ፤ ከተበየደ በኋላ ውኃ መድፋቱን ትቶ አመድ አልብሶ ማሳደር፤ ከመለኮስ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ግፊት መፈተሽ። እንዲህ ያደረገ ወፍጮ ቤት ሁለት ቀን ይዘገያል፤ ጧት ያስገባቸውን ሠራተኞች ግን ማታ አንድ ሳያጎድል ያስወጣል።

ጋሽ ባየህ መፍቻቸውን አንሥተው የምድጃውን በር ከማጠፊያው ፈቱት፤ ተሸክመው ባጃጅ ላይ ጫኑት። በር የሌለው ምድጃ አይለኮስም። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ደረሱባቸው።

"ባየህ፣ የምድጃዬን በር ወዴት ነው የምትወስደው? ሩዙ ይበላሻል እኮ።"

"ይበላሽ።"

"ምክንያቱን ንገረኝ እንጂ። ምን አጠፋሁ?"

"እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

"ታዲያ ማን አጠፋ?"

"አልናገርም" አሉ ጋሽ ባየህ፣ ባጃጁ ውስጥ እየገቡ።