የጥንቸሎቹን ጭን ሲመረምሩ የኖሩት ዶክተር ቪልማ ሃርሻኒ

እኅታችን ዶክተር ቪልማ ሃርሻኒ ከአባታቸው ከአቶ ዴኔሽ ሃርሻኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊያ ኪሽ በ1953 እዚሁ ካፖሽ ወንዝ ዳር ተወለዱ። በእንስሳት ሳይንስ ተመርቀው በጥንቸል ምርምር ጣቢያው ከተቀጠሩ በኋላ የሥራ ባልደረባቸውን አቶ ኤርኖ ሎቫስን አግብተው አንዲት ልጃቸውን ቦሮካን ወለዱ፤ የሥጋ ናሙና ከሚያዩባት ማጉያ መነጽር ፊትም እስከ ጡረታቸው ድረስ አልተነሡም።

የዕድሜ ልክ ጥያቄያቸው በጠባብ የሽቦ ቤት ያደገች ጥንቸልና እንደ ልቧ እየሮጠች ያደገች ጥንቸል በጭናቸው ሥጋ ክር፣ ማለትም ቀስ ብሎ ሠርቶ በማይደክመው ቀዩና ፈጥኖ ሠርቶ ቶሎ በሚዝለው ነጩ፣ ይለያያሉ ወይ የሚል ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ማርጊት፣ «ቪልማ፣ እኛ የጥንቸል ጭን ወጥ እንሠራበታለን፤ አንቺ ክሩን የምትቆጥሪው ሹራብ ልትሠሪበት ነው?» እያሉ ያስቋቸው ነበር።

በወጣትነታቸው ከጥንቸሎቹ ጭን የቆረጡትን ናሙና ለማቀዝቀዝ በቀጥታ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነክሩት ስለነበር፣ ፈሳሹ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ሥጋውን ከብቦ ቅዝቃዜውን እያዘገየው፣ በክሩ ውስጥ የሚፈጠረው በረዶ ይበሳሳው ነበር፤ እሳቸውም ቀዳዳውን የሽቦ ቤቱ ያመጣው ጉዳት ነው ብለው ጻፉ። ስህተቱን ራሳቸው ደርሰውበት በጉባኤ ፊት ቆመው ጽሑፋቸውን ሻሩ፤ በከንቱ ያለቁት ጥንቸሎች ግን እስከ መጨረሻው ከኅሊናቸው አልወጡም።

ከጡረታ በኋላ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ የጭናቸው ሥጋም እየሟሸሸ ሲሄድ ሐኪሞች ከጭናቸው ቁራጭ ወሰዱ፤ እሳቸውም ካላየሁት ብለው ለምነው ቢያዩት ክሩ ተበሳስቷል። ለእኔ ለታናሽ ወንድማቸው ለጌርጌይ ስልክ ደውለው እየሳቁ፣ «አይዞህ፣ ይሄ በረዶ ነው። የላቦራቶሪው ልጆች አቀዛቀዙን አላወቁበትም፤ እኔም በነሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበር የማደርገው» አሉኝ። ሁለተኛ ቁራጭ በፈቃዳቸው ሰጥተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው አቀዛቀዙን አንድ በአንድ አሳዩአቸው። ቀዳዳዎቹ አሁንም ነበሩ፤ ጡንቻን የሚበላ፣ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥጋ ክር አንድም ቃል አልተናገሩም።

በመጨረሻም መዋጥ አቅቷቸው፣ ሳንባቸው ታምሞ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ጥለውን ሄደዋል። ሐኪሙ ማረፋቸውን ሲነግረን ቦሮካ የእናቷን እጅ ይዛ፣ ስህተት ይሆናል፣ እባክዎ ደግመው ይዩልኝ ብላ ሐኪሙን ለመነችው፤ እሱም ደግሞ አየ። እግዚአብሔር የዛለ ሥጋቸውን ያሳርፍ፣ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ይደምር፤ ለእኛ የሚባል መጽናኛ ግን እኔ አላገኘሁም።