የሃሎዌልን በር የዘጉት አቶ ሊኒየስ ክሌቦርን

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን፣ አረንጓዴና ብርማ ክራባታችሁን አስራችሁ ከአምስቱም ግዛቶች የመጣችሁ የማኅበር ወንድሞች፣ የአቶ ሊኒየስ ክሌቦርንን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ እኔ ታናሽ እህታቸው ዊሎዲን ነኝ። ፓስተራችን ቢያነቡት ድምፃቸው ያምር ነበር፤ ነገር ግን ሟቹ ባለፈው ክረምት አስጠርተውኝ፣ «አንቺ አንብቢው፤ ሌላ ሰው ካነበበው ቅዱስ አድርጎ ነው የሚቀብረኝ» ስላሉኝ ቃላቸውን ልፈጽም ቆሜአለሁ።

አቶ ሊኒየስ ከአባታቸው ከአቶ ኤዝራ ክሌቦርንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉቬኒያ ፖፕ በ1937 በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ተወለዱ። ወንዝ ዳር መባሉ ለወግ አይደለም፤ እናታችን ለመውለድ ወደ አያታችን ቤት ሲጓዙ፣ ማሻገሪያው ጀልባ እስኪመጣ በተቀመጡበት፣ ልጁ ቀኑ ሳይደርስ ቸኩሎ መጣ። አባታችንም «ለዚህ ልጅ መጠበቅ የሚባል ነገር አልተፈጠረለትም» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲስቁ ኖረዋል። አባታችን የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ፣ እናታችን ባለ ሁለት ክፍሉ ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበሩ፣ ወንድሜ ፊደል የቆጠሩት በእናታቸው እጅ ሲሆን፣ ከወንበራቸው እየተነሡ ክፍሉን ስላወኩ የመጀመሪያውን ዓመት በአብዛኛው ቆመው ተማሩ።

በ1955 ኬሚስትሪ ሊማሩ ሃሎዌል ኮሌጅ ገቡ፤ በዓመቱም በዚያው ኮሌጅ የሚገኘው፣ የጥቁር ተማሪዎችና ምሩቃን የወንድማማችነት ማኅበር ቅርንጫፍ አባል ሆኑ። ወደ ማኅበሩ አዲስ ገቢዎች ለመቀበያ በጣውላ ይገረፉ እንደነበረ፣ እርሳቸውም እንደተገረፉ፣ ለዕረፍት ሲመጡ በራት ገበታ ላይ በኩራት ይተርኩልን ነበር። ለእርሳቸው የሃሎዌል ቅርንጫፍ ሁለተኛ የተወለዱበት ቤት ነበረ።

ከተመረቁ በኋላ በጃክሰን ከተማ ለረጅም ዘመን ኬሚስትሪ ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1963 ነርስ ከነበሩት ከወይዘሮ ቨርሊን ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ጆሴታንና ሬኔልን ወልደዋል። በሠርጋቸው ማግስት አንድ የማኅበር ወንድም ሜምፊስ ላይ አርፈው ኖሮ፣ ሙሽራው ሙሽሪትን ይዘው ለቀብር ገሠገሡ፤ ወይዘሮ ቨርሊንም የጫጉላ ሽርሽሬ የሰው ለቅሶ ነበር እያሉ እስከ ዛሬ ይከሷቸዋል።

የማኅበሩን የአምስት ግዛት ቅርንጫፎች የሚመራው የቀጣና ሰብሳቢነት በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ ወጣቶቹ አታውቁትም። ሰብሳቢ የሚሆነው በመጀመሪያ ደረጃ መኪና ያለው ሰው ነበር፤ ሆቴል ለእኛ ለጥቁሮች አልጋ በማይሰጥበት ጊዜ ከግዛት ግዛት እየነዳ፣ በወንድሞች ቤት ሶፋ ላይ እያደረ፣ ቅርንጫፉን የሚያቋቁም፣ የተጣላ የሚያስታርቅ፣ የሞተ የሚቀብር እርሱ ነው። ይህን ወንበር ከሃያ ዓመት በላይ የያዙት የሽሪቭፖርቱ የጥርስ ሐኪም ዶክተር አሞስ ፔቲግሩ ሲሆኑ፣ ሕጋቸውም አንድ ነበር፤ ችግር በገበታ ዙሪያ ያልቃል እንጂ ወደ ዋናው ጽሕፈት ቤት አይጻፍም። በ1974ቱ ጉባኤ ወንድሜ ተወዳድረው አሸነፏቸው። ሽማግሌው የስብሰባውን መዶሻ ሲያስረክቡ፣ «ወንበሩን ወሰድከው፤ እንግዲህ ተቀመጥበታ። ግን አንተ መቀመጥ ትችላለህ?» ብለው አዳራሹን በሳቅ አፈረሱት።

እውነትም አልተቀመጡም። ዓርብ ከክፍል እንደወጡ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ይነዳሉ፤ ልጆቻቸው የቤት ሥራቸውን በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ሠርተው አድገዋል፤ በየኮሌጁ ያሉ ወጣቶችም የሰናፍጭ መልክ ያለውን ቢዩክ መኪናቸውን ከሩቅ ሲያዩ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ይከቱ ነበር ይባላል። የሄዱበት ከመድረሳቸው የሚቀጥለውን መንገድ ያስባሉ፤ ምግብ ቆመው ይበላሉ፤ ለእኔም የሚደውሉት ከነዳጅ ማደያ ነበር።

አሁን የማነበውን ሟቹ እንዳላሳጥረው አስጠንቅቀውኛል። በ1978 ሃሎዌል ውስጥ አዲስ ገቢዎች ከልክ በላይ ይደበደባሉ የሚል ወሬ ደረሳቸውና ሄዱ። ልጆቹ የተጠበሰ አምባዛና ባሚያ አቅርበው ተቀበሏቸው፤ አንድም ሰው አልተጎዳም ብለው ማሉላቸው፤ እርሳቸውም ከባድ ተግሣጽ ሰጥተው፣ የቤት ገመና ነው ብለው፣ ለማንም ሳይጽፉ ወደሚቀጥለው ከተማ ነዱ። በዓመቱ ጸደይ ላማር ቲስዴል የሚባል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በዚያው ቅርንጫፍ ወደ ማኅበሩ ሲገባ ጎኑን በጣውላ ተመትቶ አንድ ኩላሊቱን አጣ፤ ለብዙ ሳምንታትም በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ። ወንድሜ፣ «ያኔ ብጽፍ ኖሮ ልጁ አይመታም ነበር። እንደዚህ ብለሽ አንብቢው» ብለውኛል፤ እነሆ አንብቤዋለሁ።

በማኅበሩ ልማድ ሰብሳቢው የወጣበት ቅርንጫፍ ሲከሰስ ጉዳዩን ምክትሉ ያያል። ምክትሉ ቢያየው ኖሮ የሃሎዌል ቅርንጫፍ ለአንድ ዓመት ታግዶ እንደሚከፈት ሁሉም ያውቅ ስለነበር፣ ወንድሜ ጉዳዩን ለማንም አላስተላልፍም ብለው፣ በዚያው ሳምንት፣ በገዛ እጃቸው፣ የሚከፈትበትን ቀን ሳይቆርጡ ዘጉት። ዶክተር ፔቲግሩ ስልክ ደውለው «ሊኒየስ፣ የወለደችህን እናት ነው የገደልካት» አሏቸው። እርሳቸውም፣ «እናት ልጇን እንዲህ አድርጋ አትመታም፣ ዶክተር» ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች ተነጋግረው አያውቁም።

በ1982 ከሰብሳቢነት በድምፅ ተሻሩ፤ ትናንት ሶፋቸውን የሚያነጥፉላቸው ወዳጆችም በየጉባኤው አጠገባቸው ያለውን ወንበር ባዶ ይተዉት ጀመር። እኔ በዚህ በጣም ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። እርሳቸው ግን በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ ወደ ቪክስበርግ፣ ወደ ላማር ቤት ይነዱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እናቱ ወይዘሮ ኢሎይዝ በር ላይ ቆመው፣ «አቶ ክሌቦርን፣ ልጄን ወንድም እናደርገዋለን ብላችሁ ወሰዳችሁት፤ ግማሹን መለሳችሁልኝ» ብለው በሩን ዘጉባቸው። ወንድሜ ግን በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ሄዱ፤ ከዚያም በኋላ እንደዚያው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ወይዘሮ ኢሎይዝ በሩን ከፍተው ወንበር ሳቡላቸው፤ እርሳቸውም ምሳው እስኪያልቅ ሳይነሡ ተቀመጡ። ይህን ላማር ባይነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

የማኅበሩ ዋና ምክር ቤት የዘጋው ሰው ካልተስማማ ሃሎዌል አይከፈትም ብሎ ስለወሰነ፣ የቅርንጫፉ የቀድሞ አባላት ይሁንታቸውን ለማግኘት ያልላኩት ሽማግሌ አልነበረም። ልጁ ዳነ፣ ሰው ሆነ፣ ይቅርታ ደግሞ ክርስቲያናዊ ነው እያሉ ሲሰብኩ እሰማቸው ነበር፤ ያልተነካ ግልግል ያውቃል። ወንድሜ «ገና ነው» ብለው ይነሡና ኮታቸውን ይፈልጋሉ። ዛሬም ከእናንተ ብዙዎቹ የመጣችሁት ለመቅበር ብቻ ሳይሆን፣ ሊኒየስ ቃል ትቶ እንደሆነ ለመስማት ጭምር መሆኑን አውቃለሁ፤ በረንዳው ላይ ሳይቀር ጠይቃችሁኛል።

ልባቸው መድከም በጀመረ ጊዜ ሐኪሙ አልጋ እንዲይዙ አዘዙ፤ ልጆቻቸውም የመኪናውን ቁልፍ ደበቁ፤ እርሳቸው ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሲመላለሱ ይውሉ ነበር። ካረፉበት ዕለት በፊት በነበረው እሑድ፣ የእናንተ ስልክ ስለሰለቸኝ፣ እኔው ራሴ ጠየቅኋቸው።

«ወንድምዬ፣ ይከፈት ወይስ አይከፈት? በልና ልረፍበት።»

«ዘጋሁት እንጂ የእኔ አልነበረም እኮ» አሉኝ። «ይሁን አይሁን የሚለው ላማር ነው። እሱን ጠይቁት።»

እርሱ ይህን ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉ፤ «ነግሬዋለሁ። ‹ከአርባ ዓመት በላይ ሆነኝ፤ ከሃሎዌል ሰዎች አንድም እንኳ ደጄን አልረገጠም፤ ከአንተ በቀር› አለኝ።»

አቶ ሊኒየስ ክሌቦርን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ጫማቸውን አጥልቀው በራፉ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ እንዳሉ፣ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ወዴት ሊሄዱ እንደነበረ የምናውቅ የለንም።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ቨርሊንን፣ ልጆቻቸውን ጆሴታንና ሬኔልን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እኔን እህታቸውንና ያስተማሯቸውን ብዙ ተማሪዎች ትተው ሄደዋል። በምድር ላይ መቀመጥ የከበዳቸውን ወንድሜን፣ እግዚአብሔር በእርሱ ዘንድ ተረጋግተው የሚያርፉበትን ስፍራ ይስጣቸው፤ እኛንም በመጽናናቱ ያስበን።

የማኅበር ወንድሞች፣ አሁን በሥርዓታችሁ መሠረት ተነሥታችሁ ሣጥኑን ትከባላችሁ። አቶ ላማር ቲስዴል ከወይዘሮ ቨርሊን ቀጥሎ፣ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። ስለ ሃሎዌል ዛሬ ማንም እንዳይጠይቃቸው። ቅረቡና «እንዴት ከረሙ» በሏቸው።