የኔታ በሐኪሙ መኪና ሲሄዱ

በደርግ ዘመን ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚሄድ አውቶቡስ፣ ከፊቴ አንድ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርና አንድ የብልባላ ገበሬ ተቀምጠው ያወራሉ።

«የኔታ፣ የላሊበላው ሐኪም ደሴ ድረስ የወሰደዎት በዚያች በቀይዋ ትንሽ መኪና ነው አሉ። እንዴት በቃችዎት?»

«ከውጭ ትንሽ ናት ይሏታል። እኔ ግን እግሬን ዘርግቼ ነው የሄድኩት።»

«ወንበሩስ?»

«ከጎኑ እጀታ አለው። ሳብ ሳደርገው ወደ ኋላ አጋደመኝ። ከእግሬ ሥር ደግሞ ሙቅ አየር ይነፍሳል።»

«ያለ እሳት?»

«ያለ እሳት! ጭስም አልሸተተኝም። ሁሉንም ስዳስስ ሐኪሙ ስሙን ይነግረኝ ነበር።»

«ለዓይንዎስ ደሴ ምን አሉዎት?»

«አይድንም አሉኝ። መኪናዋን ግን አንድ ሳይቀረኝ አይቻታለሁ።»

ዓይኔን ጨፈንኩና የተቀመጥኩበትን ወንበር በጣቶቼ መዳሰስ ጀመርኩ።