የጋሽ ተክለጻድቅ የደጅ ሳምንት

የተከበሩ ዲናችን፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ የተከበሩት የጋሽ ተክለጻድቅ ባለቤት እትዬ ዘነበች፣ እንዲሁም የተከበርከው በግ፤ ነፍስህን ይማርና ለዚህ የጡረታ ሽኝት ካንተ በላይ መሥዋዕትነት የከፈለ የለም።

ኮሚቴው ንግግሩን ለእኔ ሲሰጠኝ "የሺሃረግ፣ አደራ፣ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ" ብሎኛል። ሰብስቤ መጥቻለሁ። እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን ዋስትና አልሰጥም።

ጋሽ ተክለጻድቅ ቦንጋ መምህራን ኮሌጃችን የገቡት በዘጠና ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ፣ ዝናቡ ፋታ አልሰጥ ባለበት ቀን ነው። ከአይሱዙ ጋቢና አንድ ሰውዬ ዱብ አሉ። ጃንጥላ የላቸውም። የዝናብ ልብስ አላቸው፤ ግን ያለበሱት እንደ ሕፃን ላቀፉት አንድ ክብ ነገር ነው። እሳቸው በስብሰዋል፣ ክቡ ነገር ደርቋል። ዘበኛችን ጋሽ አባተ ዙሪያውን አዩትና ወደ ቢሮ ሮጡ። "አዲሱ የስፖርት መምህር መጡ! ኳሳቸውንም ይዘዋል!"

የስፖርት ክፍሉ በደስታ ተረከባቸው። የዝናብ ልብሱ ተገልጦ ውስጡ ያለው የጂኦግራፊ ማስተማሪያ ሉል መሆኑ እስኪታይ ድረስ ጋሽ ተክለጻድቅ የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ነበሩ። አንዳንዶች እንደሚሉት ቡድናችን አሸንፎ የሚያውቀውም ያኔ ብቻ ነው።

ጋሼ፣ ይሳቁ እንጂ! ገና ነኝ።

የከተማችን የባጃጅ ሾፌሮች እዚህ ቢጋበዙ ኖሮ የሚናገሩት ነበራቸው። ሌላው ሰው ባጃጅ ውስጥ ገብቶ "ገበያ" ይላል። ጋሽ ተክለጻድቅ ግን፣ "ወደ ሰሜን ምሥራቅ ውሰደኝ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋለህ።"

"ጋሼ፣ እኔ የማውቀው መናኸሪያ፣ ገበያና ሆስፒታል ነው። ከነዚህ ውስጥ ምሥራቅ የቱ ነው?"

ይሄኔ ሂሳቡ ይቀርና ትምህርቱ ይጀመራል። ሁለቱም ወርደው ፀሐይ ይፈልጋሉ። ፀሐይዋ ደግሞ የለችም፤ ቦንጋ ነዋ!

የቀብሩስ ነገር? የአንዲት ባልደረባችን አማት አርፈው ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ቆመናል። ጉድጓዱ ተቆፍሯል። ጋሽ ተክለጻድቅ ጠርዙ ላይ ጎንበስ አሉ። እንባ መስሎን አዘንን። ቀና ሲሉ ለቅሶ የመጡትን እጩ መምህራን በእጃቸው ጠቀሷቸው። "ልጆች፣ ቀስ ብላችሁ ኑ። የአፈሩን ድርብርብ እዩት! ይሄን መጽሐፍ ላይ አታገኙትም!"

ቄሱ ፍትሐቱን አቋርጠው "ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ሟቿ እየጠበቁ ነው" አሉ።

"ይቅርታ አባ፣ አንዴ ብቻ፤ ከተሞላ በኋላ አይታይም።"

እንግዲህ እኚህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ የነበሩ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ ላይ እንደ እኛው ነበሩ፤ ጠመኔ፣ ሰሌዳ፣ "ጻፉ!" የቀየራቸው ደካ ነው።

ሁለታችን እጩ መምህራንን በተግባር ልምምድ ልንመዝን ጌሻ ወረዳ፣ ደካ ሄድን። ወሩ ጥር ነው። በእምነት የሚባል ጎበዝ እጩ መምህራችን ሰባተኛ ክፍል ገብቶ የአየር ንብረት ያስተምራል። ጋሽ ተክለጻድቅና እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነን፤ የመመዘኛው ቅጽ እኔ ጭን ላይ ነው። በእምነት ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ። "በአገራችን በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሲሆን፣ ደረቅና ዝናብ የሌለበት ወቅት ነው።"

ይህን ሲል ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ዝናብ ስላችሁ የካፋ ዝናብ ነው። በእምነት ድምፁን ከፍ አደረገ። "ደረቅና! ዝናብ የሌለበት!" ዝናቡም ከፍ አደረገ። ልጁ ደም ሥሩ ተገታትሮ "ዝናብ! የሌለበት!" ይላል፤ ልጆቹም በኅብረት ይደግማሉ፤ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ፊት ወንበር ያሉት ደብተራቸው እንዳይበሰብስ ሸሚዛቸው ውስጥ ከተው "ዝናብ የለም" ይላሉ።

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ታዲያ ይሄ ምንድነው?"

በእምነት ወደ ጣሪያው አየ፣ ወደ እኛ አየ። "ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም። ተቀመጪ።"

እኔም "የተማሪዎችን ጥያቄ በአግባቡ ያስተናግዳል" የሚለው ላይ "በጣም ከፍተኛ" ብዬ ሞላሁ። ምን ላድርግ፣ ተስተናግዳለች፤ ተቀምጣለች።

ከትምህርት ቤቱ ወጥተን ሻይ ቤት ገባን። የጋሽ ተክለጻድቅ ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

"የሺ፣ ይሄን ልጅ ማነው ያስተማረው?" አሉኝ።

"ያው… ኮሌጁ ነዋ።"

"ኮሌጁ አፍ የለውም። እኔ ነኝ። ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነው። ከመጀመሩ በፊት ያሳላት ሳል እንኳ የኔ ነች፤ አልሰማሻትም? ሳሌን ሳይቀር አስተምሬዋለሁ። ቀና ብሎ ማየትን ግን አላስተማርኩትም።" ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ልጅቷ ልክ ነበረች። ልክ በመሆኗ ተቀመጪ ተባለች። ይሄን እዚህ ድረስ የላክሁት እኔ ነኝ፣ የሺ።"

የደጅ ሳምንት የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚያ ሻይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሳቸው እጩ መምህራን በየዓመቱ አንድ ሳምንት ደብተራቸውን ዘግተው ይወጣሉ። በቆርቆሮ ጣሳ ዝናብ ይለካሉ፤ ወንዙ ከየት መጥቶ የት እንደሚገባ በእግራቸው ይከተላሉ፤ ገበሬውን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ያዩትን ያስተምራሉ። አማዞንን ከነገባሮቹ እየሸመደዱ እዚሁ ካፋ ውስጥ ቢታ ገነት ሲመደቡ "የት ነው?" ብለው የሚያለቅሱ የጂኦግራፊ መምህራን ማምረት የቀነስነው በዚህ ሳምንት ነው። ኮሪደሩም ማደሪያውም ጭቃ በጭቃ ይሆናል። እውነት ነው። እኛም ስንት ጊዜ አጉረመረምን።

አሁን ኮሚቴው የፈራው ቦታ ደርሰናል።

በያዝነው ወር በተደረገው የክፍላችን ስብሰባ፣ የክፍል ኃላፊያችን አቶ ግዛቸው አዲሱን መርሐ ግብር አቀረቡ። የደጅ ሳምንት ወጥቶ በምትኩ "የአንድ ለአምስት አደረጃጀት የሪፖርት ማጠቃለያ ሳምንት" ገብቷል። ያው እንደምታውቁት፣ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ስለ ተቀመጠበት ሪፖርት የሚጽፍበት ማለት ነው። "የሚቃወም?" አሉ። ጥግ ላይ አንድ እጅ ወጣ። የጋሽ ተክለጻድቅ።

"ጋሼ፣ እርስዎ የጡረታ ክሊራንስ ጨርሰዋል፤ ድምፅ አይሰጡም" አሉ አቶ ግዛቸው፣ በትሕትና።

እጁ ወረደ። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ መጥረግ ጀመሩ። የሚጠረግ ነገር አልነበረውም። "የሚደግፍ?" ሲባል ግን የኛ እጆች በሙሉ ወጡ፤ የኔም። የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደርሷል፤ ማን "ተባባሪ አይደለም" መባል ይፈልጋል? በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወዲያው የሽኝት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋቢ ይገዛ፣ በግ ይታረድ! እኔ የኮሚቴ አባል ሆኜ የታዘብኩት፣ ባፈርን ቁጥር በጉ እየተለቀ መሄዱን ነው። ሰንጋ ላይ ሳንደርስ ያቆምነው በጀት ስላለቀ ነው።

ትናንት የካርታ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝ፤ ኮርሱን የምረከበው እኔ ነኝና። ስለ ስብሰባው አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። "የሺ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልወቅና ልሂድ" አሉኝ። "ልጆቹን ታወጫቸዋለሽ?"

"እናያለን" አልኳቸው።

እናንተ ቢሮ የምትውሉ ሰዎች፣ "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። እሳቸውም ያውቁታል። "እሺ የኔ ልጅ" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ቁልፉን እንደያዝኩ ቀረሁ። አንድ ሰው በራሱ ስህተት አፍሮ ያን የሚያህል ነገር ሠራ፤ እኛ ደግሞ እሱን አፍርሰን ስናበቃ ለማፈር እንኳ ኮሚቴ አቋቋምን።

ጋሽ ተክለጻድቅ፣ አመሰግንዎታለሁ። መምህር የራሱን ስህተት በሌላ ሰው አፍ ሰምቶ "የኔ ነው" ሲል ያየሁት በእርስዎ ብቻ ነው። "እናያለን" ያልኩትን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንስቻለሁ። አወጣቸዋለሁ። ጭቃውንም እኔው እጠርጋለሁ።

አሁን ብርጭቆ እናንሣ። ቆይ ግን፣ ከማንሣታችሁ በፊት አንድ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አለ። የክፍላችን አባላት፣ ዛሬ ብርጭቆውን ያነሣ የደጅ ሳምንት እንዲመለስ ድምፅ ሰጥቷል፤ ዲናችንም ምስክር ናቸው። "ይሄ ስብሰባ አይደለም" እንዳትሉኝ፤ ምልዓተ ጉባኤው ከዚያን ቀን ይበልጣል፤ በግ አለና። እትዬ ዘነበች፣ የእርስዎ ድምፅ እንደ ሁለት ይቆጠራል፤ ስንት ዓመት የጋሼን ልብስ ጭቃ ያጠቡት እርስዎ ነዎት። ጋሼ፣ እርስዎም ያንሡ፤ ማንም ስለ ክሊራንስ አይጠይቅዎትም።

በሉ! ለጋሽ ተክለጻድቅ! ዕድሜ ከጤና ጋር፣ ጉልበት ከመንገድ ጋር፣ በደረሱበት ሁሉ የሚያሳዩትን የሚያይልዎት ሰው ይስጥዎት!

ከፍ! ከፍ! አቶ ግዛቸው፣ እርስዎን እየጠበቅን ነው። ለስላሳም ይቆጠራል።