ያልተጨረሰው ፊርማ

(ረፋድ ላይ፣ የአንድ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል፤ ዕድሜያቸውን የከተማ ውሃ መስመር ሲጠግኑ የኖሩትና ከአራት ወር በፊት ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን የያዘባቸው የሰባ ስድስት ዓመቱ ጋሽ ደባልቄ፣ ባለሙያዋ አይናዲስ ፊታቸው ካስቀመጠችው የሕክምና መሰናበቻ ቅጽ ጋር ተፋጠዋል።)

ጋሽ ደባልቄ፦ አልፈርምም አልኩሽ እኮ!

አይናዲስ፦ ጋሼ፣ ቅጣት አይደለም። መልመጃውን ቤትዎ ይቀጥላሉ።

ጋሽ ደባልቄ፦ ቤት ማን አለና? ቴሌቪዥኑ ነው እጄን የሚያሸው? የሸሚዜን ቁልፍ በራሴ እጅ ሳልቆልፍ የትም አልሄድም። ለመሆኑ ምን አጠፋሁ?

አይናዲስ፦ ምንም። ዕድሜ ነው። ስትሮክ አንዱን የደም ሥር ሲዘጋው፣ በዙሪያው ያሉት ትንንሾቹ ሥሮች ደም አሳልፈው ለአንጎል ይደርሱለታል። ወጣት ላይ ቶሎ ይከፈታሉ። በእርስዎ ዕድሜ ግን ጠበዋል፤ ደሙ እንደ ልቡ አያልፍም።

ጋሽ ደባልቄ፦ ይኼን ለእኔ? አርባ ዓመት ዋናው ቧንቧ ሲዘጋ ሰፈሩን በጎን መስመር ያጠጣሁት እኔ!

አይናዲስ፦ እንግዲያው ያውቁታል። ያረጀ መስመር...

ጋሽ ደባልቄ፦ ያረጀ መስመር ምን? ይጣል? ቫልቩን ሩብ ዙር ከፍተሽ ቁጭ ትያለሽ። መጀመሪያ አየር ይተፋል፣ ቀጥሎ ጭቃ። አለቃችን አንዴ «ውሃ የለውም» ብሎ ጥሎን ሄደ። እኔ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ባልዲ ይዞ ወጣ!

አይናዲስ፦ አራት ወር ጠበቅን እኮ፣ ጋሼ። ፋይልዎ «ቀኝ እጅ እስክሪብቶ አይዝም» ይላል።

ጋሽ ደባልቄ፦ ማን ጻፈው?

አይናዲስ፦ እኔ። ከአምስት ሳምንት በፊት።

ጋሽ ደባልቄ፦ ከዚያ ወዲህ ያዝ ብለሽኛል?

አይናዲስ፦ አላልኩም። ይቅርታ። ግን ቅጹ ሙሉ ስም እስከ አያት በእጅ ይጻፍ ነው የሚለው። ካልሆነ አሻራ ያድርጉ።

ጋሽ ደባልቄ፦ አሻራ? የተማርኩ ሰው ነኝ! አምጪ እስክሪብቶውን። በግራ አይደለም፣ በዚህኛው። ተይ፣ አትደግፊኝ!

አይናዲስ፦ እየተንቀጠቀጠ ነው...

ጋሽ ደባልቄ፦ ይንቀጥቀጥ! አየሩን እየተፋ ነው።

አይናዲስ፦ በስመ አብ! «ደ» ጻፉ!

ጋሽ ደባልቄ፦ ጠመም ብላለች።

አይናዲስ፦ ትጥመም! ይቀጥሉ እንጂ፣ «ባ»...

ጋሽ ደባልቄ፦ ለዛሬ ደከመኝ። ስሙ ካላለቀ ፋይሉ ይዘጋል?

አይናዲስ፦ ኧረ አይዘጋም።

ጋሽ ደባልቄ፦ በይ ሰኞ «ባ»ን ልጽፍ እመጣለሁ። አያቴ ደግሞ ወልደመድኅን ነው የሚባለው።