«ተስተካክሏል» የሚል ማኅተም

ዛሬ የምንሸኛቸው የሙዚቃ ደራሲዋ ታላቅ እኅታችን፣ ልብስ ከሚሰፉት እናታችንና ፒያኖ ከሚጠግኑት አባታችን፣ ከመስፊያው ክፍል በስተጀርባ ባለች ጠባብ ጓዳ ተወለዱ። እናታችንና አክስታችን ጎን ለጎን ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ፣ የአንዱ ድምፅ ከሌላው ጥቂት ዝቅ ስለሚል ሁለቱ እየተፋጩ ክፍሉን ሲያናውጡት፣ እሳቸው ገና ዳዴ የሚሉ ሕፃን ሳሉ ልቅሷቸውን አቁመው ያዳምጡ እንደነበር እናታችን እስኪያልፉ ድረስ ሲያወሩ ኖረዋል።

በሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በከተማው ኦርኬስትራ ኖታ ገልባጭ ሆነው ከተቀጠሩ በኋላ፣ ያንን የመኪኖች ፍጭት ለቫዮሊኖች ደርሰው ቢያቀርቡ፣ ኃላፊው ስሕተት መስሏቸው የሚጋጩትን ድምፆች በቀይ እርሳስ ሰርዘው፣ ለጆሮ የሚለሰልሱ ተክተው፣ «ተስተካክሏል» የሚል ማኅተም መቱበት። ሕዝብ ያጨበጨበለት፣ ሬዲዮ ያሰማው፣ የተሸለመውም ይኸው የተስተካከለው ነው። ሽልማቱን አልቀበልም ቢሉ ትዕቢተኛ ተባሉ፤ የሰው ሥራ የሰረዘውን ግን ማንም ትዕቢተኛ አላለውም።

የሒሳብ መምህሩን ባለቤታቸውን አግብተው ወንድና ሴት ልጅ አፈሩ። ምግብ ጨው በዝቶበት ውኃ ሲጨመርበት ልጆቹ «ተስተካክሏል» እያሉ ሲስቁ አብረው ይስቁና፣ ሳቁ ሲያበቃ ጥርሳቸውን ነክሰው ወደ ፒያኖው ይመለሱ ነበር። አዲስ ኃላፊ በተሾመ ቁጥር፣ ሥራቸው እንደ ተጻፈ አንዲት ጊዜ ብቻ እንዲሰማ ደጅ ጠኑ፤ «እናስብበታለን» ሲባሉ ጠጉራቸው ሸበተ። የሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላም ሬዲዮው ያንኑ የተስተካከለውን ቢያሰማ፣ መናገር አቅቷቸው ነበርና በእጃቸው ዝጉት ብለው አመለከቱ። ባለፈው ማክሰኞ በዚያው አልጋ ዐረፉ።

እነሆ ያው ኦርኬስትራ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የአበባ ጉንጉን ይዞ፣ የተስተካከለውን ሊጫወትላቸው መጥቷል። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ግን ማኅተም ያረፈባቸውን ወረቀቶች ከተጫዋቾቹ ፊት አንሥቼ፣ እኅቴ በገዛ እጃቸው የጻፉትን አኑሬያለሁ፤ ይህን ጸሎት ስንፈጽም የሚሰማው እሱ ነው። የጎረበጠው ጆሮውን ይያዝ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ለእኛ መጽናናትን ይስጠን፤ የእሳቸውንም ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፣ እንደ ጻፋቸው ይቀበልልን፣ ምንም ሳያስተካክል።