ለውሃችን የተጣለው ድንጋይ

ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን የቧንቧ ውሃ ሊገባ ነው ተብሎ የመሠረት ድንጋይ ሊጣል ተሰበሰብን። ቆፋሪው ገና ዶማውን ሲያሳርፍ ድንጋይ ገጨ። ጠርገን ስናየው የቀድሞው ከንቲባ ለዚሁ ለውሃችን ያስቀመጡት የመሠረት ድንጋይ ነው! ለሲሚንቶው ማቡኪያ ከሐይቁ በአህያ ጋሪ ውሃ ያመጡት ሽማግሌ፣ ኦቦ ቶላ፣ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ቀስ በል፣ ከሥሩ ደግሞ በደርግ ጊዜ የቀበሌው ሊቀመንበር ያስቀመጠው አለ። ያኔም ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አሉት።

ያፍራሉ ብዬ አዲሱን ከንቲባ አየኋቸው። ምን በወጣቸው! «ትንሽ ፈቀቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ» አሉ። ድንጋዩ ተቀመጠ፤ አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ። ኦቦ ቶላ ባዶ ጀሪካናቸውን ጋሪው ላይ እየጫኑ፣ «ለሚቀጥለው እንግዲህ ልጄ ያመጣል፤ እኔ ደክሞኛል» አሉኝ።